የመኳንንቱ ዝምታ
ስለ ታሪካዊ ተውኔቶቻችን፣ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስና ስለ ሼክስፒር ነገሥታት

ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ካወጀች ዓመት ሳይሞላት፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ የደቡብ ሱዳን የቴአትር ቡድን የሼክስፒርን «ሲምበሊን» በጁባ ዓረብኛ ለንደን በሚገኘው በግሎብ ቴአትር አሳየ። ዝግጅቱ 37 ተውኔቶችን በ37 ቋንቋዎች ለማቅረብ የታቀደ ነበር። የእርስ በርስ ጦርነት ጠባሳ ካልሻረባቸው ከባልካን አገሮች የመጡ ሦስት ቡድኖች፣ ማለትም የሰርቢያ፣ የአልባኒያና የመቄዶንያ ተዋንያን፣ የእንግሊዝ ነገሥታትና መኳንንት የተላለቁበትን ዘመን የሚያሳዩትን ሦስቱን የ«ሄንሪ 6ኛ» ክፍሎች ተከፋፍለው ተጫወቱ። የራማላው አሽታር ቴአትር ደግሞ «ሪቻርድ 2ኛ»ን ይዞ ቀረበ። አማርኛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

ይህን የማነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አማርኛ ከሼክስፒር ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ሰጥተውናል። ይሁን እንጂ ልብ ብለን ስናስተውለው፣ በመድረካችን የለመድነው የፍቅሩን፣ የቅናቱን፣ የበቀሉንና የሥልጣን ጥሙን ሼክስፒር ነው። ንጉሥ በምን መብት እንደሚነጥቅ፣ መኰንንስ በምን መብት እንደሚያምፅ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የሚከራከሩበትን የታሪካዊ ተውኔቶቹን ዓለም ግን እምብዛም አልለመድነውም። ይህ ክፍተት በትርጉም ሥራችን ላይ ብቻ የሚታይ ቢሆን ባልከፋ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ግን በራሳችን የታሪክ ድርሰቶችም ላይ በጉልህ ይታያል። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፉት ታላላቅ ድርሰቶቻችን ታላቅ ንጉሥ ፈጥረዋል፤ ንጉሡን የተቃወሙትን መኳንንት ግን ዝም አሰኝተዋል። ይህ ዝምታ ድርሰቶቹን ምን እንዳሳጣቸው፣ እኛንስ አንባቢዎቹን ምን እንዳስለመደን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ሁለት የዘውድ ዘመናት

ንጽጽሩ በደፈናው እንዳይሆን፣ አስቀድሞ የሁለቱን አገሮች ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ያሻል። የአገራችንን ዘመን በዓ.ም.፣ የእንግሊዝን እ.ኤ.አ. እጠቅሳለሁ።

በእንግሊዝ አገር ከ1327 እስከ 1485 ባሉት 158 ዓመታት ቢያንስ አምስት ነገሥታት ዙፋናቸውን በኃይል አጥተዋል። ኤድዋርድ 2ኛ በ1327 ከዙፋን ወረደ። ሪቻርድ 2ኛ በ1399 በአጎቱ ልጅ በሄንሪ ቦሊንግብሩክ ተሻረ። ሄንሪ 6ኛ በ1461 ተገፍቶ፣ ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ፣ በ1471 በእስር ሳለ አለቀለት። ሕፃኑ ኤድዋርድ 5ኛ በ1483 ሳይቀባ ቀረ። ሪቻርድ 3ኛ በ1485 በቦስወርዝ ሜዳ ወደቀ። በእነዚህ ሁሉ ውድቀቶች ጀርባ የቆሙት የራሳቸው ግዛት፣ የራሳቸው ጭፍራና የራሳቸው የዘር ሐረግ የነበራቸው መኳንንት ናቸው።

በእኛ በኩል ከዐፄ ኢዮአስ መገደል፣ ከ1761 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ ያለውን ጊዜ ዘመነ መሳፍንት እንለዋለን። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ቤተ መንግሥት በስም ሲቀመጡ፣ ሥልጣኑ በየጁ ራሶችና በየአውራጃው ገዢዎች እጅ ነበር። ይህን ዘመን የዘጋው የቋራው ካሣ ኃይሉ ነው። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በሰኔ በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ።

ሁለቱም ዘመናት ስማቸውን ያገኙት ከኋላ ዘመን ሰዎች ሚዛን እንደ ሆነ ልብ ይሏል። ዘመነ መሳፍንት የሚለው ስም ንጉሥ በሌለበት ሁሉም እንዳሻው ያደረገበትን የእስራኤል ዘመን ከሚተርከው መጽሐፍ የተወሰደ ነውና፣ ስሙ ራሱ ፍርድ ነው። እንግሊዞቹ «የጽጌረዳዎቹ ጦርነት» የሚሉትም ስያሜ በሰፊው የታወቀው ዋልተር ስኮት በ1829 ካሳተመው ልብ ወለድ ወዲህ ነው። ድል ያደረገ ዘውድ ያለፈውን ዘመን በጨለማ ቀለም ይቀባል፤ ይህ በየትም አገር ያለ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ደራሲው በዚያ ቀለም ላይ ምን ጨመረ ሲባል ነው።

ሼክስፒር የጻፈው ከቦስወርዝ ድል በተወለደው በቱዶሮች ዘውድ ሥር ነው። ንጉሥን ማመስገንና ዐማፂን መኰነን ይጠበቅበት ነበር። እንዲያም ሆኖ በ«ሪቻርድ 2ኛ» ውስጥ ነገሩን የሚጀምረው ከንጉሡ ጥፋት ነው። የቦሊንግብሩክ አባት ሲሞት ሪቻርድ የሟቹን ሀብትና ግዛት ለአየርላንድ ዘመቻ ብሎ ይወርሳል። የንጉሡ አጎት የዮርኩ መስፍን ተቆጥቶ ያስጠነቅቃል፤ የክርክሩ ፍሬ ነገር ልጅ የአባቱን እንዳይወርስ ካደረግህ አንተ ራስህ በምን መብት ነገሥህ የሚል ነው። ንጉሡን ንጉሥ ያደረገው ሕግና መኰንኑን ባለ ርስት ያደረገው ሕግ አንድ ነው፤ አንዱን የሰበረ ሌላውን ሰበረ። ተውኔቱ በዚህ ክርክር ይቆምና ይሄዳል። ቦሊንግብሩክ የሚመለሰው የአባቴን ይመልሱልኝ ብሎ ነው፤ ከመንገዱ ፍጻሜ ላይ ግን የሚያገኘው ዘውዱን ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ አንድ ጥሩ ተውኔት ይወጣዋል። ሼክስፒር ግን አልተወውም። በተከታዩ በ«ሄንሪ 4ኛ» ውስጥ ቦሊንግብሩክን ያነገሡት የፐርሲ ቤተሰብ መኳንንት ያምፃሉ። ያ ዐማፂ የነበረው አሁን ንጉሥ ነው፤ እሱ ትናንት የተናገረውን ዛሬ በፊቱ ቆመው ይናገሩታል። የመጣኸው ለአባትህ ርስት ብቻ እንደ ሆነ ምለህልን አልነበረምን ይሉታል። ወጣቱ ሆትስፐር በ1403 በሽሩስበሪ ጦር ሜዳ ይወድቃል፤ ከመውደቁ በፊት ግን ቅሬታውን እስከ መጨረሻው ድረስ ተናግሮ ነው። ተመልካቹ እያዘነ፣ እየመዘነ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የካሣ ክርክር

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። ካሣ ኃይሉ በዘሩ ተራ ሰው አልነበረም። ወገኖቹ የቋራ ገዢዎች ነበሩ። የቅርብ ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ ከሞቱ በኋላ ግዛቱ ወደ ራስ ዓሊ እናት ወደ እቴጌ መነን እጅ ሲገባ፣ ካሣ የራሱ የሚለው አገር በሌላ ሰው ተይዞ አየ። ሸፈተም። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ሲዘምትበት፣ ካሣ ድል አድርጎ የማረከውን ፎካሪ ኮሶ እንዳጠጣው የሚነገረው ታሪክ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ይህ ታሪክ የሚጣፍጠን ለምንድን ነው? በዘሩ የተናቀ፣ ከርስቱ የተገፋ ሰው ክብሩን በክንዱ ስላስመለሰ ነው። ካሣ ከመንገሡ በፊት የቦሊንግብሩክን ቃል የሚናገር ሰው ነው ማለት ነው።

ድርሰቶቻችን ይህን ካሣ በሚገባ ያውቁታል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1940ዎቹ ዓ.ም. በጻፉት ተውኔት፣ ብርሃኑ ዘርይሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ኋላም በአማርኛ ባቀረበው «ቴዎድሮስ»፣ እያንዳንዳቸው በየፈርጃቸው የዚህን ሰው ሕልም፣ ብቸኝነትና ቁጣ አሳይተውናል። የቴዎድሮስ የውስጥ ዓለም በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት የገጸ ባሕርይ ሥራዎች ሁሉ ከላቁት አንዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይሁን እንጂ ከዘውዱ በኋላ አንድ ነገር ይለወጣል። ትናንት ካሣ ሲናገረው ፍትሕ የነበረው ቃል፣ ነገ ሌላው ሲናገረው ክህደት ይሆናል። የአማርኛ አተራረካችን ራሱ ይህን ለውጥ ይከተላል፤ እስከ ደረስጌ ድረስ «ካሣ ሸፈተ፣ ካሣ ወጋ» ስንል ቆይተን፣ ዘውዱ እንደ ተጫነ «እሳቸው» እንላለን። ከዚያ ወዲያ የሚሸፍተው ሁሉ አገር በታኝ ነው። የዋግሹም ጎበዜን አባት ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ ገድለዋቸዋል። ጎበዜ በላስታ ሲያምፅ የአባቱን ደምና የአባቱን አገር ይዞ ነው የተነሣው። ይህ ከቦሊንግብሩክም ሆነ ከካሣ ክርክር በምን ያንሳል? በሸዋ የሾሙት በዛብህም ሸፍቶባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ምን ብለው እንዳመፁ፣ ለጭፍሮቻቸው ምን ብለው እንደ ተናገሩ፣ ሌሊት ከራሳቸው ጋር ምን እንደ ተሟገቱ በድርሰቶቻችን ውስጥ ብንፈልግ የምናገኘው ከጥቂት ብልጭታ አያልፍም። በአብዛኛው የንጉሡን ሕልም ለማሰናከል ከመድረክ ጀርባ የሚተራመሱ ጥላዎች ናቸው።

በዚህ ረገድ ዜና መዋዕሎቹ ከልብ ወለዶቹ የተሻለ የድምፅ ልዩነት አላቸው ማለት ይቻላል። የአለቃ ዘነብ ዜና መዋዕል ንጉሡን በአድናቆት የሚያይ ነው። የአለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ የኋለኞቹን ዓመታት ጭካኔ ሳይሸፍን ይናገራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ዘመን በሁለት ዐይን ሲታይ ያያል። ልብ ወለድና ተውኔት ይህን ልዩነት ሊያሰፉት ሲገባ አጠበቡት።

በደረስጌ ማርያም

መኳንንቱ ቢናገሩ ምን ያህል ታላቅ ተውኔት እንደሚወጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌን እንመልከት።

የሰሜኑና የትግራዩ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን አሠርተዋል። አቡነ ሰላማን ከግብፅ ያስመጡትም በ1830ዎቹ ዓ.ም. እሳቸው ነበሩ። ሊነግሡ ያስቡ የነበረውም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ መቅደሱ ተሠርቷል፣ ጳጳሱ መጥተዋል፣ የቀረው ቀኑ ብቻ ነበር። ካሣ ደረሰና በጦርነት ማረካቸው፤ በሁለተኛው ቀን በውቤ ቤተ ክርስቲያን፣ በውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ተቀብቶ ነገሠ። አንድ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? ሰውየው በሰንሰለት ታስሮ፣ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ደወል ለሌላ ሰው ዘውድ ሲደወል ይሰማል። በዚያች ሰዓት ውቤ ምን አሉ? በድርሰቶቻችን ውስጥ መልሱ ዝምታ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ለተሻረው ለሪቻርድ በዌስትሚንስተር መስተዋት አስይዞ የሰጠውን ረጅም ንግግር ያነበበ ሰው፣ ውቤም እንዲህ ያለ አንድ ትእይንት ይገባቸው እንደ ነበር ይሰማዋል።

ታሪኩ በዚህም አያበቃም። ዐፄ ቴዎድሮስ እቴጌ ተዋበች ከሞቱ በኋላ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። ወይዘሮዋ የአባታቸውን መፈታት ተስፋ አድርገው ጋብቻውን እንደ ተቀበሉ ይተረካል። አንድ ቀንም ንጉሡ ሲገቡ ዳዊት እየደገሙ ስለ ነበር እንዳልተነሡ፣ ምክንያቱን ሲጠየቁም ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው እንዳሉ ይባላል። ይህ እውነተኛ ንግግር ይሁን ወይም አገር የፈጠረው፣ በዚህ አንድ መልስ ውስጥ የተሸነፈ የመኳንንት ቤት ኩራት ሁሉ አለ። ጥሩወርቅ በንጉሡ ቤት ውስጥ የገባች የመኳንንቱ ድምፅ ናት። ከመቅደላ በኋላም ብዙ አልቆየችም፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ስትጓዝ በዚያው በ1860 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ዐረፈች። ሙሉ ተውኔት የሚወጣው ሕይወት ነው።

ሦስተኛ ምሳሌ ልጨምር። ሪቻርድ 2ኛ የቦሊንግብሩክን ልጅ ወደ አየርላንድ ይዞት ዘምቶ ነበር፤ በደግነት ያዘው፣ የፈረሰኛነት ማዕርግም ሰጠው። ይህ ልጅ ኋላ ሄንሪ 5ኛ ተብሎ ሲነግሥ በ1413 የሪቻርድን ዐፅም አስነሥቶ በክብር በዌስትሚንስተር አስቀበረ። ዐፄ ቴዎድሮስም የሸዋውን ንጉሥ የኃይለ መለኮትን ልጅ ምኒልክን ማርከው እንደ ልጅ አሳደጉት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ሚስቱን ትቶ ከመቅደላ አምልጦ ወደ አባቱ አገር ተመለሰ። አሳዳጊን መክዳት ነው? የአባትን አገር ማስመለስ ነው? ሁለቱም ነው። ሰውን የሚያስጨንቅ ድራማ የሚወለደውም ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ነው።

ርስት ወይስ ጉልት

እንደ ተርጓሚ ሳስበው ደግሞ ነገሩ ወደ ቃላት ይወርዳል። አንድ ሰው «ሪቻርድ 2ኛ»ን ወደ አማርኛ ልመልስ ብሎ ቢቀመጥ፣ ገና ከመጀመሪያው የሚገጥመው ጥያቄ ንጉሡ የወረሰውን የቦሊንግብሩክ አባት ግዛት ምን ይበለው የሚል ነው። ጉልት ቢለው ተውኔቱ ይሞታል። ጉልት ንጉሥ የሰጠው ነውና ንጉሥ ቢነሣው የሚደንቀው ኢትዮጵያዊ የለም። ሹም ሽር የሥርዓታችን ልማድ ነበር፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት የወለደውም ይኸው ነው። ርስት ቢለው ግን አዳራሹ ይናወጣል። ርስት ከአባት ከአያት የወረደ፣ ሰው የሚሞትለት ነገር ነው። የናቡቴን የወይን ቦታ የቀማው የአክዓብ ታሪክ በየዐውደ ምሕረቱ ሲነገር የኖረው ከዚህ የተነሣ ነው። በእኔ ግምት ትክክለኛው ቃል ርስት ነው፤ ምንም እንኳ የእንግሊዝ መስፍን ግዛት ከገበሬ ርስት ጋር በሕግ አንድ ባይሆንም፣ ተመልካቹ ሊሰማው የሚገባው ቁጣ ያ ነውና።

ይህ ምርጫ የታሪክ ልዩነትንም ያሳያል። የእንግሊዝ መኰንን መብቴ ብሎ የሚከራከርበት የውርስ ሕግና ጉባኤ ነበረው፤ በ1388 የተሰበሰበው ፓርላማ የንጉሡን ወዳጆች በክህደት ከሶ አስገድሏል። በእኛ አገር ግን ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ንጉሥ የማይከሰስ ከሆነ የተበደለ መኰንን የሚቀረው መንገድ አንድ ነው፤ መሸፈት። ስለዚህ ሽፍታ የሚለውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰው ዘራፊ ብቻ ሆኖ የሚቀረው በስሕተት ነው። መሸፈት በእኛ ዘንድ አቤቱታ የማቅረቢያ፣ ከፍ ሲልም ወደ ዙፋን የመውጫ መንገድ ነበር። ካሣ ኃይሉ በዚህ መንገድ ነገሠ። የዚህን ቃል ሁለት ፊት አሟጦ የሚያሳይ ተውኔት ግን ገና አላየሁም።

አማርኛ በበኩሉ ለእንዲህ ያለ ተውኔት ልዩ መሣሪያ አለው። ንጉሡን «ጃንሆይ፣ እርስዎ» ሲሉ የነበሩ መኳንንት፣ ከመካከላቸው የመጀመሪያው «አንተ» የሚለው በየትኛው ቅጽበት ነው? በአንዲት ተውላጠ ስም መንግሥት ሲወድቅ ማሰማት ይቻላል። ቋንቋው ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ የሚጠቀምበት ነው ያጣው።

ዝምታው ከየት መጣ

ደራሲዎቻችን ይህን ሳያውቁት ቀርተው ነው ማለት ድፍረት ይሆናል። ዘመናቸው ምክንያት ነበረው። ብርሃኑም፣ አቤም፣ ጸጋዬም የጻፉት በዘውድ ዘመን ነው። በሳንሱር ሥር ሆኖ፣ ንጉሥ ላይ የሚያምፅ መኰንንን በክብር ማናገር ቀላል አልነበረም። ሼክስፒርም ይህን ያውቀዋል፤ የ«ሪቻርድ 2ኛ» የመሻር ትእይንት በንግሥት ኤልሳቤጥ ዕድሜ በወጡት ሕትመቶች ውስጥ የለም፤ የታተመው በ1608 ነው። በ1601 የኤሴክስ መስፍን ወገኖች ሊያምፁ ባሰቡበት ዋዜማ ይህንኑ ተውኔት ከፍለው አሳይተው ነበር። መስፍኑ በዚያው ወር አንገቱን ተቀላ።

ሁለተኛውና ጠንካራው ምክንያት ግን የትውልዱ ጥያቄ ነው። መሬት ላራሹ ብሎ ለተነሣ ትውልድ መኰንን ማለት የመሬት ከበርቴ ነበር። ያ ትውልድ ያለፈውን ዘመን ሲያይ የፈለገው መሳፍንትን የሚሰብር፣ ከድሃ ወገን የመጣ አንድ ጀግና ነው፤ ቴዎድሮስን አገኘ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ንጉሡም መኳንንቱም አብረው ወደቁ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኳንንት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ በየካቲት የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ። «ፊውዳል» ስድብ በሆነበት መድረክ ላይ ደጃዝማች ውቤን በርኅራኄ ማናገር የማይታሰብ ነበር። ዝምታው እንግዲህ ከሁለት መንግሥታት የተወረሰ ነው።

መስማት ማጽደቅ አይደለም

እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መኳንንቱ ባላገሩን የዘረፉ፣ ጭፍራቸውን በገበሬ ጎተራ ያሳደሩ ሰዎች ናቸው፤ ድምፅ መስጠት የተዘረፈውን ገበሬ መስደብ አይሆንም ወይ ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በተለይ በንጉሡም በመኳንንቱም ጭፍራ የተበላው ባላገር እስከ ዛሬ ድምፁ ስላልተሰማ። መልሴ ግን መድረክ ችሎት እንጂ ማጽደቂያ አይደለም የሚል ነው። በ«ሄንሪ 6ኛ» ሦስተኛ ክፍል በጦር ሜዳ መካከል፣ ሳያውቅ አባቱን የገደለ ልጅና ሳያውቅ ልጁን የገደለ አባት ይመጣሉ፤ ምስኪኑ ንጉሥ ተቀምጦ ያያቸዋል። መኳንንቱ ሁሉ ከተናገሩ በኋላ ነው ይህ የሚመጣው። የእነሱን ታላላቅ ክርክር ሰምተን ስለ ነበር የክርክሩን ዋጋ በእነዚህ ሁለት ስም የለሽ ሰዎች ሬሳ ላይ እንለካዋለን። አንዱ ወገን ዝም ከተባለ ግን ጥፋቱ ሁሉ የዚያ ወገን ይሆንና፣ የገበሬው ሞት ለአንድ ወገን ክስ ማስረጃ ከመሆን አያልፍም።

የንጉሡም ትልቅነት ቢሆን ከዚህ ይጎዳል። ተቃዋሚው ባዶ ሲሆን የተሟጋቹም ክብር ይቀልላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በገዛ እጃቸው ሲያልፉ የምናለቅሰው ለብቻቸው ስለ ቀሩ ነው። ለምን ብቻቸውን እንደ ቀሩ፣ እነዚያ የሄዱት ሰዎች ምን ይዘው እንደ ሄዱ ከተነገረን ግን ልቅሶው ይጠልቃል እንጂ አይደርቅም።

ይህ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስቸገርኩም። የተረኩልንን ታሪክ ይዘን ነው የዛሬውን የምንመዝነው። አንድ ንጉሥና ብዙ ከሃዲዎች ባሉበት ተረት ያደገ አንባቢ፣ ማዕከልና አውራጃ ሲጣሉ ባየ ቁጥር የሚጠይቀው ማን ከዳ ብሎ ነው፤ ምን ተበደልኩ ይላል ብሎ አይጠይቅም። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢትዮጵያ የሆነውን ጦርነት በምን ቋንቋ እንደ ተነጋገርንበት ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚህች በምንኖርባት በጁባም፣ ያ «ሲምበሊን» በለንደን ከታየ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 2013 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ መሪዎች መካከል የነበረው ጠብ ወደ ጦርነት ተለወጠ። «ሲምበሊን» የሚያበቃው በዕርቅና በይቅርታ ነው። ተውኔት ጦርነትን ያስቆማል የሚል ሞኝነት የለኝም። ነገር ግን ተቃራኒን እስከ መጨረሻው ቃሉ ድረስ ተቀምጦ መስማት ልማድ ነው፤ ይህን ልማድ ከሚያስተምሩት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ቴአትር ቤት ነው።

በዊንዘር የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ውስጥ፣ በመሠዊያው በሁለቱ በኩል፣ ዕድሜ ልካቸውን የተዋጉት ሄንሪ 6ኛና ኤድዋርድ 4ኛ ተቀብረዋል። ከዚያው ቤተ ጸሎት አጠገብ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ የሞተው ልዑል ዓለማየሁ ዐርፏል። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 እ.ኤ.አ. እንደማይቀበለው አስታውቋል። ስለዚህ ልጅ በተነገረ ቁጥር የቴዎድሮስ ልጅ እንላለን፤ ትክክል ነው። የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ መሆኑን ግን እምብዛም አናነሣም። በደረስጌ የተዋጉት ሁለቱ ወገኖች ደማቸው በእሱ ውስጥ አንድ ሆኖ ነበር።

ከትውልዱ ተርጓሚዎች አንዱ «ሪቻርድ 2ኛ»ንና ሁለቱን የ«ሄንሪ 4ኛ» ክፍሎች አንድ ላይ፣ ሳይነጣጥል ወደ አማርኛ ቢመልስ፣ የተውኔት ጸሐፊዎቻችን ሊማሩበት የሚችሉት ነገር ብዙ ነው። ሳይነጣጥል ያልኩት የትናንቱ ተበዳይ የዛሬው በዳይ ሲሆን የሚታየው ሦስቱ ሲያያዙ ስለ ሆነ ነው። የተውኔት ጸሐፊው ደግሞ ከደረስጌ ይጀምር፤ ደወሉ ሲደወል፣ የታሰሩት ደጃዝማች አፋቸውን ሲከፍቱ።